ከቆላ በሰው ትከሻ የመጣው እሬት፦ የወይዘሮ ይታየሽ አሥራተ ማርያም የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ይታየሽ አሥራተ ማርያም በወሎ ክፍለ ሀገር በዋግ አውራጃ፣ ተከዜን ቁልቁል በምታየው በዝቋላ፣ ከአባታቸው ከአቶ አሥራተ ማርያም ወልዱና ከእናታቸው ከወይዘሮ ደብሬ ካሣው በ1922 ዓ.ም. በኅዳር ሚካኤል ዕለት ተወለዱ። ዓመቱን አንድ ሁለት ከፍ ዝቅ የሚያደርጉ ዘመዶች አሉ። ዕለቱን ግን ማንም አይከራከርበትም፤ እናታቸው ለንግሥ ሲወጡ ምጥ ይዟቸው ከደጃፋቸው ተመልሰዋልና።

ያደጉት ማሽላና ፍየል ባለበት፣ ውኃ ግን በሌለበት አገር ነው። አባታቸው ከፍየሉ ሌላ አምስት ስድስት የንብ ቀፎ ነበራቸው። በአካባቢው ትምህርት ቤት ስላልነበረ ፊደል አልቆጠሩም፤ ሆኖም አባታቸውን ተከትለው ገደል ለገደል ሲሄዱ አንድ ትልቅ ነገር አይተዋል። በሚያዝያ ሣሩ ዐመድ ሲመስል፣ ሌላው ዛፍ ሁሉ ቅጠሉን ሲያራግፍ፣ በድንጋዩ መካከል የበቀለው እሬት ቀይ አበባውን የሚያወጣው ያን ጊዜ ነው። ንቡም ሌላ የሚቀምሰው ስለሌለ ቀኑን ሙሉ እሱ ላይ ይውላል። አባታቸው፣ «እሬት ባለበት ንብ አይኮበልልም» ይሉ ነበር።

ወይዘሮ ይታየሽ ይህን ቃል የሰሙት በአገውኛ ነው። አማርኛን የለመዱት ካገቡ በኋላ ሲሆን፣ እስከ መጨረሻይቱ ቀን ድረስ ከሰው ጋር በአማርኛ፣ ከንቦቻቸው ጋር በአገውኛ ነበር የሚነጋገሩት። ለምን እንዲህ እንደሚያደርጉ ሲጠየቁ፣ «ንብ አማርኛ የሚሰማ ቢሆን ቀበሌ ስብሰባ ይጠራው ነበር፤ ሥራ ይፈታል» ይሉ ነበር።

በ1940 ዓ.ም. በወግ ተድረው ከአቶ ዋሴ ገብረ አምላክ ጋር በሰቆጣ ከተማ ዳር ጎጆ ወጡ። አቶ ዋሴ የአባቴ የአቶ ምንዋጋው ታናሽ ወንድም ናቸው። ሁለቱ ወንድማማቾች ከአባታቸው የወረሱትን ቦታ እኩል ተካፍለው፣ መካከሉን ወገብ በሚደርስ ካብ ለይተው፣ ጎን ለጎን ይኖሩ ነበር። ይህን የምጽፈው እኔ ታይቱ ምንዋጋው ከካቡ በአባቴ በኩል ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። የማወራው ያየሁትን ነው፤ ያላየሁትን ማን እንደ ነገረኝ በቦታው እገልጻለሁ።

ባልና ሚስቱ ሦስት ልጆች ወልደዋል። የመጀመሪያው ወንድ ልጃቸው በሕፃንነቱ ሲያርፍ ጸሐይነሽና አልጣሽ ለቁም ነገር በቅተዋል። አቶ ዋሴ በሰፈሩ የታወቁ ንብ አናቢ ነበሩ። አሥራ አንድ ቀፎ ነበራቸው። ከዚህም በላይ የሚታወቁት በዝምታቸው ነው። የቀጠሩት ሰው ሳይመጣ ቢቀርባቸው እንኳ «አንድ ነገር ገጥሞት ይሆናል» ብለው ያልፋሉ እንጂ ቂም የሚባል ነገር አያውቁም ነበር።

በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ዝናብ ጠፋ። በዚያ ጊዜ የሆነውን እዚህ የቆማችሁ ሁሉ ስለምታውቁት አላትትም። ለዚህ ታሪክ የሚያስፈልገው ይህ ነው፤ የአጎቴ አሥራ አንድ ቀፎ ንብ ሁሉ ኮበለለ። የአባቴም እንዲሁ። ባዶ ቀፎ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲውል ቤቱ ራሱ የተራበ ይመስል ነበር።

በመስከረም 1967 ዓ.ም. መንግሥት ተለወጠ። ከተማው ስለ አዲሱ መንግሥት ሲያወራ ባልና ሚስቱ ስለ እሬት ይማከሩ ነበር። ወይዘሮ ይታየሽ የአባታቸውን ቃል አስታውሰው፣ ከዝቋላ ገደል ችግኝ አምጥተን በጓሯችን እንትከል የሚል ሐሳብ አቀረቡ። እሬቱ ደረቁን ወር ንቡን ከያዘው፣ ቀፎው ዳግመኛ አይፈታም ማለታቸው ነው።

ይህ ቀላል ሐሳብ አልነበረም። በእኛ ሰፈር እሬት የሙት ነው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ሰው ሲቀብር ራስጌው ላይ ይተክለዋል፤ ውኃ ሳይጠይቅ ስለሚኖር። ወደ ቤት የሚገባው ሕፃን ጡት እንዲጥል ሲፈለግ ብቻ ነው። ያውም አንድ ቅጠል ይቆረጥና ጡቱ ይቀባል፤ የተረፈው ከአጥር ውጭ ይጣላል። እሬትን ከነሥሩ አምጥቶ በደጅ መትከል ሞትን በስሙ ጠርቶ «ግባ» እንደማለት ነው ይባል ነበር። ጎረቤቱም ገና ወሬውን ሲሰማ አማተበ። አባቴ በዚያን ጊዜ ምን እንዳሉ ኋላ እመለስበታለሁ።

ወይዘሮ ይታየሽ «አገሬ ነው፤ መንገዱንም ቆላውንም አውቀዋለሁ፤ እኔ ልሂድ» ብለው ነበር። ቤተ ዘመዱ «ሴት ብቻዋን ተከዜ ድረስ አትወርድም» ብሎ ከለከላቸው። ስለዚህ በጥቅምት 1967 ዓ.ም. አቶ ዋሴ ብቻቸውን፣ በእግራቸው ሄዱ። ከአማቶቻቸው አገር ሠላሳ ሁለት ችግኝ ነቅለው በጆንያ ተሸክመው በዘጠነኛው ቀን ተመለሱ። ሸክሙ ስለከበዳቸው ዳገቱን በአንድ ቀን መውጣት አልቻሉም፤ ሁለት ሌሊት ቆላ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር አድረዋል።

በመጡ ማግስት ባልና ሚስቱ ሠላሳ ሁለቱንም ችግኝ በካቡ ሥር ተከሉ። አብረው የሠሩት የመጨረሻ ሥራ ያ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት አቶ ዋሴን የቆላው ወባ ጣላቸው። ኅዳር 6 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐረፉ።

በሰልስቱ ዕለት ሕዝቡ በተሰበሰበበት አባቴ ተነሥተው ጣታቸውን ወደ ካቡ ቀሰሩ። «ወንድሜን የበላው ይኸ የመቃብር ቅጠል ነው። ያመጣችው እሷ ናት። ዛሬውኑ ካልተነቀለ ይህን ደጅ እግሬ አይረግጥም» አሉ። ሰው ሁሉ ወደ ወይዘሮ ይታየሽ ዞረ። እሳቸው ከተቀመጡበት ሳይነሡ፣ «አያ ምንዋጋው፣ እሬቱን ተሸክሞ ያመጣው ዋሴ ነው። የዋሴን እጅ ሥራ አልነቅልም። ሌላ የሚሉኝ ካለ ይበሉኝ፣ እሰማለሁ» ብለው መለሱ። ከዚያም አባቴን ትክ ብለው አዩዋቸው። ቀድመው ዐይናቸውን የሰበሩት አባቴ ናቸው። እኔም እዚያው ነበርሁ። ሐዘን ነው ብዬ አለፍሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አባቴ የወንድማቸውን ደጅ አልረገጡም። እኛንም ከለከሉን። በወንድማቸው መቃብር ላይም አንድ የእሬት ቅጠል እንዳይተከል ስላሉ የአጎቴ መቃብር እስከ ዛሬ ባዶውን ነው። ሰፈሩም «ባሏን በእሬት የቀበረች» የሚል ስም አወጣላቸው። ወይዘሮ ይታየሽ ግን ጥጥ እየፈተሉ፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን እያስተማሩ፣ ጠዋት ጠዋት እሬታቸውን ዞረው እያዩ ኖሩ።

ከሠላሳ ሁለቱ ሃያ ሰባቱ ያዙ። ወይዘሮ ይታየሽ አንድ ቀን እንኳ ውኃ አጠጥተውት አያውቁም። «ካጠጣሁት ይለምድብኛል» ይሉ ነበር። ድንጋዩን ከሥሩ አያነሡለትም፤ አፈር አይለውጡለትም። የሠሩለት ነገር ቢኖር ፍየል እንዳይረግጠው መጠበቅና ልጅ ሲያበቅል ልጁን ነጥሎ ክፍት ቦታ ላይ ማኖር ነበር። ሦስት ዓመት ሙሉ ቅጠሉን ከማወፈር በቀር ምንም አላሳየም። ጎረቤት በካቡ ላይ ዘንበል እያለ «ምነው፣ አበባው የታለ?» ሲላቸው፣ «እሱ እንደናንተ ችኩል አይደለም» ነበር መልሳቸው።

በሚያዝያ 1970 ዓ.ም. አበበ። ሰፈሩ ሁሉ አቧራ ለብሶ ሳለ ከካባችን ማዶ ያለው ጓሮ እሳት የተያያዘ መስሎ ቀላ። ወይዘሮ ይታየሽ በመስከረም በጭስ ባጠኑት ቀፎ አንድ መንጋ ንብ ገብቶላቸው ነበር። በዚያ ሚያዝያ የሌላው ሰው ንብ ጠቅልሎ ሲሄድ የእሳቸው ቀረ። ድምፁ እኛ ቤት ድረስ ይሰማ ነበር። አባቴ ያን ሰሞን በረንዳ ላይ በርጩማቸውን ገልብጠው ለካቡ ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር የሚቀመጡት።

ማር መቁረጥ ሲጀምሩ ደግሞ ሌላ ፈተና መጣ። ገበያተኛው «የመቃብር ማር» ብሎ አልነካም አለ። ግማሹ ይመራል አለ፤ ግማሹ ቤት ያፈርሳል አለ። በዚህ ጊዜ የደረሱላቸው በሰቆጣ ገበያ ማርና ቅቤ የሚነግዱት ወይዘሮ ዓሲያ ሰላሕ ናቸው። ወይዘሮ ዓሲያ ዛሬም እዚህ ከመካከላችን አሉ፤ ብሳሳት ያርሙኛል። ማሩን በጣታቸው ቀመሱና ገንቦውን ወሰዱ። በገበያ ቀን ሦስት ሳህን ማር ደርድረው፣ «ቅመሱና ምረጡ፤ ከየት እንደመጣ ኋላ እነግራችኋለሁ» እያሉ ያለፈውን ያገደመውን አስቀመሱ። አብዛኛው ሰው የመካከለኛውን መረጠ። ነጭ ነው፤ ጣፍጦ ጣፍጦ መጨረሻው ላይ ብቻ ምላስን ትንሽ ቆንጠጥ ያደርጋል። ያን ጊዜ ወይዘሮ ዓሲያ ተነሥተው፣ «ይኸ የይታየሽ ነው! እስከ መጪው ገበያ የሞተ ካለ መጥቶ ይንገረኝ!» ብለው ጮኹ። በመጪው ገበያ የመጣው ሰው «ሞትሁ» ለማለት ሳይሆን ለመግዛት ነው።

በ1972 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሰፈራችን ሲጀመር እኔ በአስተማሪነት ተመደብሁ። ከተማሪዎቼ መካከል ወይዘሮ ይታየሽ ነበሩ። የአባቴ ክልከላ በመንግሥት ትእዛዝ ፊት ስላልቆመ ያን ደጅ ከአምስት ዓመት በኋላ የረገጥሁት ደብተርና ጠመኔ ይዤ ነው። ወይዘሮ ይታየሽ በሩ ላይ ቆመው ካዩኝ በኋላ፣ «ለመግባት ፊደል አስፈለገሽ? ግቢ፣ ልጄ» አሉኝ። ስለ አባቴ አንድ ክፉ ቃል አልተናገሩም። እኔም በሐፍረት አልጠየቅሁም።

በሃምሳ ዓመታቸው ፊደል ቆጥረው በስድስት ወር ማንበብ ቻሉ። በማጠቃለያው ፈተና ተማሪው ሁሉ ከራሱ አንድ ዐረፍተ ነገር እንዲጽፍ ጠየቅሁ። አንዱ «እናት አገር ወይም ሞት»፣ ሌላው «ትምህርት ብርሃን ነው» ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ ይታየሽ ረጅም ጊዜ አስበው «በቅሎዋ አልመጣችም» ብለው ጻፉ። እኔም የፊደል ግድፈት ስላላገኘሁበት ሙሉ ውጤት ሰጠሁ። በቅሎ የሚል ቃል ከማንበቢያው መጽሐፍ ያገኙ መስሎኝ ነበር። የምስክር ወረቀታቸው ዛሬም ከቀፎዎቹ በላይ ተሰቅሎ ይገኛል።

በ1974 ዓ.ም. ደግሞ እያንዳንዱ ቤት የጓሮ አትክልት እንዲያለማ ቀበሌው መመሪያ አወጣ። ኮሚቴው ቤት ለቤት ሲዞር መዝጋቢዋ እኔ ነበርሁ። ቅጹ ላይ ጎመን፣ ካሮት፣ ቀይ ሥር፣ ሌላ የሚሉ መደዳዎች ነበሩ። ከወይዘሮ ይታየሽ ጓሮ ስንደርስ «ሌላ» በሚለው ሥር ስልሳ አራት እሬት ብዬ ጻፍሁ። የኮሚቴው ሰብሳቢ ተቆጡና «ይህ ለሕዝብ የማይጠቅም ተክል ተነቅሎ ጎመን ይተካ» አሉ። ወይዘሮ ይታየሽ በአክብሮት፣ «ጎመኑ ውኃ ከየት ይጠጣል?» ብለው ጠየቁ። «ከወንዝ ይቀዳላ!» አሉ ሰብሳቢው። «እንግዲያው ኮሚቴው ይቅዳልኝ፤ እኔ እተክላለሁ» አሉ። ኮሚቴው ሳቀ፤ ሰብሳቢውም የግዳቸውን ሳቁ። ወይዘሮ ይታየሽ መመሪያ አልጣስሁም ለማለት በር ላይ አንድ ራስ ጎመን ተክለው ነበር። እሷንም በሦስተኛው ሳምንት የሰብሳቢው ፍየል በላቻት። ጉዳዩ በዚሁ ተዘጋ።

ሕፃን ከጡት የሚያስጥሉ እናቶችም ቅጠል ፍለጋ ገደል መውጣታቸውን ትተው ወደ እሳቸው ይመጡ ጀመር። በሰፈራችን ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ የተወለደ ልጅ ሁሉ ፊቱን ያጨማደደው በወይዘሮ ይታየሽ እሬት ነው። ሁለቱ የእኔም ልጆች ይገኙበታል።

ከዚያ 1977 ዓ.ም. መጣ። ያን ዓመት የወይዘሮ ይታየሽ ማር ሰፈሩን አዳነ ብዬ ብጽፍ ከሬሣ ሳጥናቸው ተነሥተው ይቆጡኛል። አላዳነም። ከዘጠኝ ቀፎ አምስቱ ሞተ። አራቱ ግን አልኮበለለም፤ እሬቱ በዚያ እሳት ውስጥም አብቧልና። ከአራቱ የተገኘውን ግማሹን በወይዘሮ ዓሲያ በኩል በማሽላ ለወጡ። ግማሹን በሞቀ ውኃ እየበጠበጡ ለደከሙ ሕፃናት ያጠጡ ነበር። ከመካከላቸው በሕይወት የቀሩ አሉ፤ ያልቀሩም አሉ።

በዚያ ዓመት ብዙ ሰው ስለተቀበረ ለመቃብር የሚሆን እሬት ለመለመን ደጃቸው የቆመ ብዙ ነው። ለአንዱም አልሰጡም። «ለሙት የሚሆነው ገደሉ ላይ ሞልቷል፤ አብሬያችሁ ወጥቼ እነቅላለሁ። ይኸን ግን ዋሴ ያመጣው ለሕያው ነው» ይሉ ነበር። ልባቸው ደንዳና ነው ያሉ አልጠፉም። ነገር ግን ከለመናቸው ሰው ሁሉ ጋር በባዶ ሆዳቸው ገደል መውጣታቸውን፣ ነቅለውም በራሳቸው እጅ ከየመቃብሩ ላይ መትከላቸውን እኔ እመሰክራለሁ። የራሳቸው ባል መቃብር ብቻ ባዶውን ቀረ።

በጥቅምት 1978 ዓ.ም. አንድ ቀን ማለዳ ንብ የገባበት ቀፎ ካቡ ላይ፣ በእኛ በኩል ተቀምጦ አገኘን። ወይዘሮ ይታየሽ ከማዶ ቆመው፣ «ታይቱ፣ ለአያ ምንዋጋው ስጪልኝ፤ ቀፏቸው ባዶ አይደር» አሉ። አባቴ ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። በማግስቱ ግን ቀፎው የእኛ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር። በሚያዝያም ያ ንብ ከእኛ ቤት እየተነሣ ካቡን እየዘለለ ከወይዘሮ ይታየሽ እሬት ሲቀስም ዋለ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ይባላል። አባቴ ግን ቂም ይዘው ማር በሉ። ይህን ስጽፍ አላፈርሁም፤ እሳቸውም አንብቢው ብለውኛል።

ወይዘሮ ይታየሽ ከጥር ወር 1979 ዓ.ም. ጀምሮ በልብ ሕመም ሲቸገሩ ቆይተዋል። ልጃቸው አልጣሽ ወደ ደሴ ወስዳ ልታሳክማቸው ብትለምን፣ «እሬቱ ሊያብብ ነው፤ አሁን ከቤት አልወጣም» ብለው እምቢ አሉ። የትንሣኤን በዓል ከልጆቻቸው ጋር ውለው፣ ፊታቸውን ወደ ጓሮው አስዙረው፣ አበባው በሞላበት ሰሞን፣ ሚያዝያ 14 ቀን 1979 ዓ.ም. በተወለዱ በ57 ዓመታቸው ዐረፉ።

ለልጆቻቸው የተዉት ኑዛዜ አጭር ነው። «በእኔ ላይ እሬት አትትከሉ። ለቀብሬ የመጣ ሰው ችግኝ ይዞ ይሂድና በጓሮው ይትከል። አያ ምንዋጋው ከመጡ ቀድሞ ለእሳቸው ይሰጥ።»

ትናንት ከቀትር በኋላ ይህን ጽሑፍ በትምህርት ቤቱ ማባዣ ከማባዛቴ በፊት ቀኖቹን እንዲያርሙልኝ ለአባቴ አነበብሁላቸው። «አቶ ዋሴ ብቻቸውን፣ በእግራቸው ሄዱ» ከሚለው ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡ። ከዚህ በታች ያለው የእሳቸው ቃል ነው፤ እኔ አልጨመርሁበትም፣ አልቀነስሁበትም።

«እዚያ ላይ አቁሚ። በእግሩ የሄደው በእኔ ነው። እሬቱን እኔም ፈልጌው ነበር፤ ግማሹ የእኔ ሊሆን ተስማምተን ነበር። በቅሎዬን ይዤ አብሬው ልወርድ ቃል ገባሁለት። ወደ ጋዝጊብላ ለተዝካር ተጠርቼ ሄድሁና ጠላው ያዘኝ፤ ጨዋታው ያዘኝ፤ ሦስት ቀን ቀረሁ። ሁለት ቀን ጠብቆኝ ሄደ። በቅሎዋ ብትኖር ዳገቱን በቀን ይወጣው ነበር፤ ወንዝ ዳር ባላደረ። ዋሴ ታሞ ተኝቶ ለይታየሽ ነግሯታል፤ እኔ ስገባ ሰምቻለሁ። በሰልስቱ ቀድሜ የከሰስኋት እንዳትከሰኝ ፈርቼ ነው። ትናገራለች ብዬ ጠበቅሁ። አልተናገረችም። አሥራ ሁለት ዓመት ጠበቅሁ። ጻፊው። ሰው ፊት አንብቢው።»

እነሆ፣ አነበብሁት። አባቴን እወዳቸዋለሁ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ግን ተቆጣኋቸው፤ ያንንም አልደብቅም። ወይዘሮ ይታየሽ ስማቸውን በአንድ ቃል ማጽዳት ይችሉ ነበር። ያቺን ቃል ግን በአፋቸው ለማንም አልተናገሩም። አንዲት ቀን ብቻ፣ ገና እጃቸው እርሳስ ሲለምድ፣ «በቅሎዋ አልመጣችም» ብለው ጻፏት። እኔ አስተማሪዋ ሙሉ ውጤት ሰጥቼ አለፍኋት። ዝም ያሉት ፈርተው አይደለም፤ ፍርሃት የሚባል አልነበረባቸውም። ባላቸው በወንድማቸው ላይ ቂም ሳይይዙ ሞተዋልና፣ እሳቸውም ያንን ሊያፈርሱ አልፈለጉም።

ይህ ትናንት በተባዛው ላይ የለም፤ ዛሬ ጠዋት አባቴ በካቡ ሳይሆን በበሩ አድርገው የወንድማቸውን ግቢ ገቡ። ጸሐይነሽ ስንት ችግኝ ይነቀል ብላ ጠየቀቻቸው። «ሠላሳ ሁለት» አሉ። ራሳቸው ነቀሉ፤ ራሳቸው በጆንያ አደረጉ። ወይዘሮ ዓሲያ አህያ አቅርበውላቸው ነበር፤ አመስግነው መለሱ። ወጣቶቹም ሊያግዟቸው ሞከሩ፤ እምቢ አሉ። በስልሳ አራት ዓመታቸው፣ ከሬሣው ኋላ ኋላ፣ ይህን የማርያምን ዳገት ሦስት ጊዜ እያረፉ ጆንያውን በትከሻቸው አወጡት። አሁን ከቅጥሩ ሥር ያለው ጆንያ እሱ ነው።

ወይዘሮ ይታየሽ የሁለት ሴቶች ልጆች እናትና የአምስት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ። ጸሐይነሽ በአምደወርቅ ባለትዳር ናት፤ አልጣሽ በደሴ በጤና ሥራ ላይ ትገኛለች። አራት ቀፎ ንብ፣ ቁጥሩን የማላውቀው እሬትና ስሙ የጸዳ ቤት ትተዋል።

ከድንጋይ መካከል አበባ የሚያወጣ አምላክ የእመቤታችንን አማላጅነት ሰምቶ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጋር ያኑርልን፤ አብረው ከተከሉት ባላቸውም ጋር ዛሬ ያገናኝልን። ለልጆቻቸውና ለሁላችንም ልባችንን ያጽናልን። አሜን።

ግብዓተ መሬቱ ሲፈጸም ማንም ባዶ እጁን እንዳይሄድ። ሠላሳ ሁለት ነው፤ ለሁሉም ካልበቃ ጓሮው ክፍት ነው፣ መጥታችሁ ንቀሉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ችግኞች ግን አባቴ ያነሣሉ። አንዱን በካቡ በእኛ በኩል ይተክሉታል። ሁለተኛውን ዛሬውኑ፣ እናንተ እያያችሁ፣ አሥራ ሁለት ዓመት ባዶውን በቆየው በወንድማቸው መቃብር ላይ።